ኡበር ስነዳ ከኮቪድ እርዳታ ዜሮ የደረሰኝ ለምንድነው? ለጠየቅከኝ ወንድም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ረዘም ስለሚል ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ጨምቄ ላስቀምጠው። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው፣ ከ2017 ጀምሮ ኡበር ብላክ ትነዳለህ፣ 2019 ላይ ሰበርባን የሚባለውን ትልቅ መኪና አዲሱን በ58 ሺህ ዶላር ገዛህ። ኮቪድ ሲመጣ ኤርፖርቱም ሆቴሉም ጭር አለ፣ ኤፕሪል 2020 ላይ አንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው ስቴቱ የሚከፍለውን) ሞላህ፣ ትንሽ ቆይቶ “ሳምንታዊ ክፍያዎ 0 ዶላር” የሚል ደብዳቤ መጣልህና ተውከው። ባንክ ሄደህ ፒፒፒ የሚባለውን የኮቪድ ብድር ስትጠይቅ ደግሞ ታክስህን አይተው አይሆንም አሉህ፣ እሱንም ተውከው። ካምሪ የሚነዳው ጓደኛህ ግን በየሳምንቱ ሲከፈለው ከርሞ በ2021 ደግሞ 12,500 ዶላር ፒፒፒ ወሰደ፣ መልስም አልተባለም። “እሱ ሎተሪ ነው የደረሰው ወይስ እኔን ነው የበደሉኝ? አሁንስ የሚመለስ ነገር አለ?” ነው ያልከው።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ታክስ የምሠራ ሰው ነኝ፣ ደንበኞቼ ግማሹ ሾፌር ናቸው፣ የቀሩት ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ፀጉር የሚሠሩ፣ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ልጅ የሚጠብቁ። የ2020ን ነገር ስልኬ እያቃጨለ ነው ያሳለፍኩት። ስለዚህ ዝም ብዬ ለማጽናናት አልመልስልህም። ጓደኛህ ሎተሪ አልደረሰውም፣ ሕጉ የፈቀደለትን ነው የወሰደው። አንተም ሁለቱም ይገባህ ነበር። አሁን ግን በሩ ማለት ይቻላል ሁሉም ተዘግቷል። እንዴት እንዳመለጠህ ካወቅክ ግን ዛሬም የሚጠቅምህ ነገር አለው፣ ምክንያቱም ያ ያስቀረህ ወረቀት አሁንም እየተከተለህ ነው።

ከአንኢምፕሎይመንቱ ልጀምር። መደበኛው አንኢምፕሎይመንት የሚሠራው ቀጣሪ በየሦስት ወሩ የሠራተኛውን ደሞዝ ለስቴቱ ስለሚያሳውቅ ነው፣ ከዛ ላይ አስልተው ነው የሚከፍሉህ። ኡበር ደግሞ አንተን ተቀጣሪ ነው አይልም፣ በዓመቱ መጨረሻ የምትቀበለው 1099 (የግል ሠራተኛ የገቢ ወረቀት) እንጂ ደብሊው ቱ (የደሞዝተኛ ወረቀት) አይደለም፣ ስለዚህ ስቴቱ ኮምፒውተር ላይ ስምህ ሲገባ ደሞዝ የሚባል ነገር የለም፣ ባዶ። ዜሮ ያለህ ለዛ ነው። ማርች 27፣ 2020 የወጣው ኬርስ አክት የሚባለው ሕግ ይሄንን አይቶ ነው ፒዩኤ የሚባል አዲስ ፕሮግራም ያመጣው፣ ለግል ሠራተኛ፣ ለኡበር፣ ለታክሲ፣ ለመሳሰለው። ግን አንድ ነገር አለው፤ ፒዩኤ ለማግኘት መጀመሪያ መደበኛው እንደማይገባህ መረጋገጥ አለበት። እና መደበኛው እንደማይገባህ የሚያረጋግጠው ወረቀት የትኛው ነው? ያ 0 ዶላር የሚለው ደብዳቤ! እሱን ይዘህ ነበር ወደ ሁለተኛው ፎርም ማለፍ የነበረብህ። ስንቱን ሰው መሰለህ እዛች ጋ ያስቀረው፣ እኔ ጋ ራሱ ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤውን በፌስታል ውስጥ ይዞ የመጣ ሽማግሌ የታክሲ ሾፌር አለ፣ “ከልክለውኛል፣ ምን ላድርግ እንግዲህ” ብሎ። ተቀምጠን ሞላንለት፣ ወደኋላ ተቆጥሮ ከፈሉት። በዛን ጊዜ ወደኋላ መቁጠር ይቻል ነበር። ከዲሴምበር 27፣ 2020 በኋላ አዲስ ለሞላ ሰው ግን ከዲሴምበር 1 ወደኋላ አይሄድም ተባለ። ፕሮግራሙ ራሱ ሴፕቴምበር 2021 መጀመሪያ ላይ አለቀ፣ አዲስ ማመልከቻ የመቀበያው ጊዜም እስከ ኦክቶበር 6፣ 2021 ነበር።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ፣ ያውም በሕግ እንግሊዝኛ መሆኑ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ዲሲ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ አማርኛ የመንግሥት ወረቀት በሕግ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ ግን አንተ ድልድዩን ተሻግረህ ቨርጂኒያ ነው ያለኸው፣ እና ዲሲም ቢሆን በዛ ወር ስልክ የሚያነሳ ሰው ማግኘት ራሱ ሌላ ሥራ ነበር።

ምን ያህል ነበር ያመለጠህ? እሺ እንቁጠረው፣ ያማል ግን እንቁጠረው። ቨርጂኒያ ውስጥ የፒዩኤ ትንሹ በሳምንት 158 ዶላር ነበር፣ ሜሪላንድ 176፣ ዲሲ 179። ገቢህ ማይነስ ቢሆን እንኳ ያችን ትንሿን ታገኛለህ። በሷ ላይ ፌደራሉ በየሳምንቱ 600 ዶላር ይጨምር ነበር፣ ከኤፕሪል መጀመሪያ እስከ ጁላይ መጨረሻ፣ 17 ሳምንት። 758 በ17 ስታባዛው 12,886 ዶላር ነው። ይሄ የመጀመሪያው አራት ወር ብቻ ነው፣ ከዛ ለጥቂት ሳምንታት 300፣ ከዲሴምበር 27 በኋላ ደግሞ እንደገና 300 እስከ ሴፕቴምበር 2021 ተጨመረ። በመሃል የሠራህበት ሳምንት ካለ እሱ ይቀነሳል፣ ብሩም ታክስ አለበት (የ2020ው ግን የመጀመሪያው 10,200 ዶላር ገቢው ከ150 ሺህ በታች ለሆነ ሰው ከፌደራል ታክስ ነፃ ተደርጓል)። እንግዲህ ጓደኛህ በየሳምንቱ ሲከፈለው የነበረው ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ታክስህ ላይ ስኬጁል ሲ የሚባል ቅጽ አለ፣ የግል ሠራተኛ ሁሉ የሚሞላው። መስመር 7 ላይ ጠቅላላ ገቢህ አለ፣ መስመር 31 ላይ ደግሞ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ የቀረህ ትርፍ። እኛ ሐበሾች ታክስ ስናሠራ አንድ ጸሎት ነው ያለን፣ ይሄ መስመር 31 ይውረድልን፣ በቃ። “ማይሉን ጨምርበት”፣ “ስልኩንም አስገባው”፣ “እገሌ ጋ የተሠራለት ልጅ ምንም አልከፈለም”። እኔ እውነቱን ልንገርህ፣ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ጥሩ ታክስ ሠሪ ማለት መስመር 31ን መሬት የሚያስነካ ይመስለኝ ነበር። ደንበኛም የሚመጣው በዛ ነው። ኮቪድ ሲመጣ ግን መንግሥት አንተ ማን እንደሆንክ፣ ምን ያህል ታገኝ እንደነበር ሊጠይቅ የሄደው ሌላ ቦታ አይደለም፣ እዛችው መስመር 31 ላይ ነው። ፌብሩዋሪ ላይ “ምንም አላገኘሁም” ብለህ የፈረምክበትን ወረቀት ኤፕሪል ላይ አውጥቶ “ምንም አላገኘህም ብለኸኛል እኮ” አለህ።

ያንተን ላስላው፣ በላክልኝ ቁጥር። 2019 ላይ ጠቅላላው 90 ሺህ ነበር። ኡበር የወሰደው ወደ 24 ሺህ፣ ቀረ 66። ጋዝ፣ ኢንሹራንስ፣ ቶል፣ ስልክ፣ የመኪናው ወለድ 14 ሺህ ነው ያልከው፣ ቀረ 52። ከዛ ሰበርባኗ መጣች። ክብደቷ ከ6,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ መኪና ያኔ ቦነስ ዲፕሪሲዬሽን በሚባለው ሙሉውን ዋጋ በአንድ ዓመት መቀነስ ይፈቀድ ነበር፣ ታክስ ሠሪህ 58 ሺውን በሙሉ ቀነሰልህ፣ መስመር 31 ማይነስ 6 ሺህ ሆነ። ሕጋዊ ነው፣ አልሰረቀም፣ አላጭበረበረም። በመደበኛው መንገድ በአምስት ዓመት አካፍሎ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ዓመት 20 ፐርሰንቱን፣ ማለትም 11,600 ብቻ ይቀንስና መስመር 31 40,400 ይሆን ነበር። በዛ ላይ ወደ 5,700 ዶላር የሴልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ (የግል ሠራተኛ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው) ትከፍል ነበር፣ ኢንካም ታክሱ ሳይቆጠር። ስለዚህ ያን ዓመት አትርፈሃል፣ ይሄንን መካድ የለብህም፣ ያኔ ከቢሮው ስትወጣ እየሳቅክ ነበር የወጣኸው።

ግን 40,400 ቢሆን ኖሮ ፒዩኤው ስንት ይሆን ነበር? ቨርጂኒያ በደፈናው የሁለቱን ትልልቅ ሩብ ዓመት ገቢ ደምራ ለ50 ነው የምታካፍለው፣ 20,200 ለ50 ሲካፈል 404 ይመጣል፣ ጣሪያው ደግሞ 378 ነበር፣ ስለዚህ 378 ታገኝ ነበር። ከ158 ጋር ልዩነቱ በሳምንት 220፣ በ17 ሳምንት 3,740። አየህ፣ የሰበርባኗ ቅነሳ ያስቀረብህ የሳምንቱን መጠን ነው። ሙሉውን 12 ሺህ ያስቀረብህ ግን ቅነሳው አይደለም፣ ዜሮ የሚለውን ደብዳቤ አይተህ መተውህ ነው። ይሄን የምለው ልወቅስህ ብዬ አይደለም፣ ታክስ ሠሪህን ብቻ እየረገምክ እንዳትኖር ነው። እሱ ላይ የኔ ቅሬታ ሌላ ነው፣ ቅነሳውን ሲያደርግልህ “ቤት ልትገዛ ነው? ሎን ትፈልጋለህ? ይሄን ወረቀት ማን ሊያይብህ ይችላል?” ብሎ አለመጠየቁ። እኔም ለብዙ ሰው አልጠየቅኩም ነበር ያኔ፣ አሁን ነው የምጠይቀው።

ወደ ፒፒፒ እንምጣ። ይሄ በስሙ ሎን ነው፣ ግን ለደሞዝ ካዋልከው ይቅር የሚባል ሎን። ለብቻው የሚሠራ ሰው ኤፕሪል 10፣ 2020 ላይ ነው ማመልከት የተፈቀደለት፣ ድርጅቶቹ ከሳምንት በፊት ጀምረው ነበር፣ እና ብሩ እንደ ጉድ ነው የሚያልቀው። የግል ሠራተኛ “ደሞዝ” ምንድነው? አሁንም መስመር 31። የዓመቱን ትርፍ ለ12 አካፍለህ በ2.5 ታባዛለህ፣ ጣሪያው 100 ሺህ ስለሆነ ከፍተኛው 20,833 ዶላር ነው። መስመር 31 ዜሮ ወይ ማይነስ ከሆነ ዜሮ በ2.5 ያው ዜሮ። ባንክህ አይሆንም ያለህ ለዛ ነው፣ ልክ ነበሩ፣ በዛን ጊዜ።

በዛን ጊዜ ያልኩት ምክንያት አለኝ። ማርች 2021 መጀመሪያ ላይ ኤስቢኤ (ፒፒፒውን የሚመራው የፌደራል መሥሪያ ቤት) ሕጉን ቀየረው፣ የግል ሠራተኛ ከፈለገ በመስመር 31 ፋንታ በመስመር 7፣ በጠቅላላ ገቢው ማስላት ይችላል አለ። ጓደኛህን ተመልከተው። ጠቅላላው 60 ሺህ፣ ኡበር 16 ሺህ ወሰደ፣ 45 ሺህ ማይል ነድቷል እንበል፣ በ2019 አይአርኤስ (የፌደራሉ ታክስ ሰብሳቢ) ለአንድ ማይል 58 ሳንቲም ወጪ ነበር የሚፈቅደው፣ 26,100፣ ሌላ ጥቃቅን ወጪ 2,900፣ ቀረው 15 ሺህ። በድሮው ሕግ ቢያመለክት 3,125 ዶላር ነበር የሚያገኘው። በአዲሱ 60 ሺህ ለ12፣ 5,000፣ በ2.5፣ ይኸው 12,500። ያ ሎተሪ ያልከው ብር ይሄ ነው፣ ምንም ተአምር የለውም። አንተ በዛው ወር ተመልሰህ ብትሄድ 90 ሺህ ለ12፣ 7,500፣ በ2.5፣ 18,750 ዶላር። ማይነስ 6 ሺህህን ማንም አያይብህም ነበር። ግን አንዴ አይሆንም የተባለ ሰው ማን ይመለሳል፣ ሕጉ ተቀየረ ብሎ የሚደውልልህ ባንክ የለም። እስከ ሜይ 2021 ነበር የተቀበሉት፣ ለብዙዎቹ ባንኮች ብሩ ያለቀው ደግሞ ሜይ መጀመሪያ ላይ ነው።

ከአንተ የባሰ የቆጨኝ ሰው ልንገርህ። አንድ ኪችን ተከራይታ እንጀራ ጋግራ ለሱቅ የምታቀርብ ደንበኛ አለችኝ። በፌብሩዋሪ 2021 መጀመሪያ ላይ እኔው ራሴ ነኝ ፒፒፒውን የሞላሁላት። መስመር 31ዋ 7,200 ነበር፣ 1,500 ዶላር ተሰጣት፣ እልል አለች፣ እኔንም መረቀችኝ። አንድ ወር ሳይሞላ ሕጉ ተቀየረ። የጤፉ ዋጋ ተቀንሶ መስመር 7ዋ 38,400 ነበር፣ ማለትም 8,000 ዶላር። ባንኩ ጋ ደወልኩ፣ ቀድሞ የጸደቀለት ሰው አይጨመርለትም፣ ሕጉ ወደኋላ አይሠራም አሉኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሁለተኛ ዙር የሚባለውንም ሞከርኩ፣ እሱ ደግሞ ሽያጭህ በአንድ ሩብ ዓመት ቢያንስ በ25 ፐርሰንት መውረድ አለበት ይላል፣ የሷ ደግሞ ሬስቶራንቶቹ ቢዘጉም ሰው እቤቱ ስለዋለ የሱቁ እንጀራ ጨመረ፣ አልወረደም። ፈጥና በማመልከቷ ተቀጣች። አሁንም ስታገኘኝ ትስቃለች እንጂ ምንም አትለኝም፣ እኔ ግን ያችን ወር አልረሳትም።

ሌላው የተጎዳው ደግሞ ሁለት ሥራ የሚሠራው ሐበሻ ነው፣ ማለት ሁላችንም። ቀን ፓርኪንግ በደብሊው ቱ፣ ማታ ኡበር በ1099። ይሄ ሰው ፓርኪንጉ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ ቢሠራም መደበኛው አንኢምፕሎይመንት ትንሽ ነገር ይሰጠዋል፣ መደበኛው ከተሰጠው ደግሞ ፒዩኤ አይገባውም፣ የኡበሩ ገቢ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ጓደኛው በኡበር ብቻ የሚኖረው የተሻለ ሲያገኝ እሱ በፓርኪንጓ ሚዛን ተመዘነ። ዲሴምበር 2020 ላይ ይሄን ለማስተካከል ብለው በሳምንት 100 ዶላር ጭማሪ አመጡ፣ ግን በግል ሥራው ባለፈው ዓመት ቢያንስ 5,000 ዶላር ያገኘ መሆን አለበት ተባለ። የትኛው 5,000 እንዳትለኝ። ያው ወጪ የተቀነሰለት ነው። ማይሉን አስጨምሮ 3,800 ያደረገው ሰው እንደገና ቀረ።

የአሜሪካን ብቻ እንዳይመስልህ። ለንደን ያለ የአክስቴ ልጅ ሚኒካብ፣ ማለት በስልክ የሚጠራ ታክሲ፣ ነው የሚነዳው፣ እዛም መንግሥት ለግል ሠራተኛው ካለፉት ሦስት ዓመታት የታክስ ትርፍ አማካይ 80 ፐርሰንቱን፣ በወር እስከ 2,500 ፓውንድ እሰጣለሁ አለ። ቸር ነው፣ ከኛም ይሻላል ለሚያገኘው። ግን ከኤፕሪል 2019 በኋላ የጀመረ ሰው የ2018/19 ታክስ ስለሌለው አራተኛው ዙር እስኪመጣ ድረስ፣ ማለትም እስከ 2021፣ ምንም የለውም። ትርፉ ከ50 ሺህ ፓውንድ በላይ የሆነ፣ ከግል ሥራው ይልቅ ከደሞዝ የሚያገኘው የሚበልጥበት፣ ድርጅት አቋቁሞ ለራሱ በዲቪደንድ (በድርጅቱ ትርፍ ድርሻ) የሚከፍል፣ ሁሉም ውጪ ቀሩ። የእንግሊዝ ኦዲት ቢሮ ራሱ በሁለቱ ዋና ፕሮግራሞች ያልተካተተው ሰው እስከ 2.9 ሚሊዮን ይደርሳል ብሏል። የአክስቴ ልጅ የጀመረው ጁን 2019 ነበር። እዛ በገቢ ማነስ ሳይሆን በሁለት ወር ነው ያመለጠው፣ እኛ ጋ ደግሞ በመስመር።

እና ፍትሃዊ ነው ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ የኔ አስተያየት ግማሽ ነው። በአንድ ሌሊት ሚሊዮን ሰው ሊከፍሉ ሲነሱ ከታክስ ወረቀት ሌላ ምን መያዝ ይችሉ ነበር? ምንም። ግን የሾፌር ትርፍ የሚባለው ቁጥር የሾፌር ደሞዝ አይደለም። ማይሉ ላይ የምትቀንሳት 58 ሳንቲም ግማሿ ያህል ገና ያልወጣች ወጪ ናት፣ የመኪናው እርጅና ናት፣ እስከዛው ቤት ኪራይ የምትከፍልባት ብር ናት። ደሞዝተኛው ጠቅላላውን ነው ያሰሉለት፣ እኛን ደግሞ የተረፈንን። ማርች 2021 ላይ ራሳቸው መስመር 7ን ሲፈቅዱ ያመኑት ይሄንኑ ነው፣ አንድ ዓመት ዘገዩ እንጂ።

አሁንስ ምን ይመለሳል ላልከው። ፒዩኤ፣ በጊዜው ይግባኝ አስገብተህ መልስ ሳይሰጥህ የቀረ ፋይል ካለ ብቻ ነው ተስፋ ያለው፣ አንተ ደግሞ ይግባኝ አላልክም፣ ስለዚህ የለም። ፒፒፒ የለም። ስቲሙለሱ፣ ማለት መንግሥት ለየሰዉ የላከው 1,200ው፣ 600ው፣ 1,400ው ደርሶኛል ስላልከኝ እሱን ልተወው፣ ላልደረሰው አንባቢ ግን የ2020ውን በታክስ መጠየቂያው ሜይ 17፣ 2024፣ የ2021ውን ደግሞ ኤፕሪል 15፣ 2025 አልፏል። የታመመ ወይ ልጁን ቤት የያዘ የግል ሠራተኛ በፎርም 7202 የሚጠይቀው ክሬዲትም ነበር፣ ይሄንንማ አንድ ሰው እንኳ መጥቶ የጠየቀኝ የለም፣ እሱም ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ዛሬ “የኮቪድ ብርህን አስመልስልሃለሁ፣ ቅድሚያ ይሄን ያህል ላክ” የሚልህ ሰው ካለ ስልኩን ዝጋበት።

በዚሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ ላንተ ባይሆንም ለሚያነብ። ያኔ በየቡና ቤቱ ሰው እየሰበሰበ ፒፒፒ ሞልቶ ከብሩ ላይ 20 ፐርሰንት የሚቆርጥ ነበር። በሕጉ ማመልከቻ የሚሞላ ኤጀንት የሚከፈለው ከብድሩ ላይ አልነበረም። የባሰው ደግሞ ያልሠራውን ሥራ ሠርቷል ብሎ ስኬጁል ሲ ፈጥሮ የሞላ ነው፣ ኮንግረስ በኦገስት 2022 የፒፒፒ ማጭበርበር የሚከሰስበትን ጊዜ ወደ 10 ዓመት አራዝሞታል። ጓደኛህ በሐቅ የወሰደ ስለሆነ አይመለከተውም፣ ወረቀቱን ግን አይጣል በለው። ከኤስቢኤ ኢአይዲኤል የሚባለውን የወሰደ ደግሞ ከፒፒፒ ጋር አያምታታው፣ እሱ የ30 ዓመት ብድር ነው በ3.75 ፐርሰንት፣ ይቅር አይባልም፣ መጀመሪያ ላይ በስጦታ የሰጧት ትንሿ ብቻ ናት የማትመለሰው።

ካሁን በኋላ ምን ላድርግ ካልክ፣ ወጪህን አትደብቅ፣ አትተውም፣ የሚገባህን ቀንስ። በተለይ እንደ ኢአይሲ (ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሠራተኛ የሚሰጥ የታክስ ድጎማ) ያለ ክሬዲት የምትወስድ ከሆነ ትርፍህ እንዲበዛ ብለህ ወጪህን መተው ራሱ አይፈቀድም። ግን ያልነዳኸውን ማይል አታስገባ፣ ስልክህ ላይ የሚቆጥር አፕ አለ፣ አብራው። መኪና ስትገዛ ደግሞ ታክስ ሠሪውን “በአንድ ዓመት ብትቀንስልኝና በአምስት ዓመት ብታካፍልልኝ ሁለቱንም አሳየኝ” በለው፣ ጥሩ ሠሪ ከሆነ ሃያ ደቂቃ ነው የሚፈጅበት፣ ካቅማማ ሌላ ሰው ፈልግ። ሰበርባኗን 2022 ላይ በ41 ሺህ ሸጥኳት ብለሃል፣ ያ 41 ሺህ ሙሉ በሙሉ ትርፍ ሆኖ ታክስ ላይ መግባቱን አረጋግጥ፣ ዋጋዋን አስቀድመህ ጨርሰህ ቀንሰሃታላ። ካልገባ ሳይጽፉልህ አስተካክለው። የሥራውን ብር ከቤትህ ብር የተለየ አካውንት አድርገው፣ እዛ ላይ ብዙ አልልም፣ ታውቀዋለህ። ከመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ አይተህ አትወርውረው፣ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንደምትችል የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ነው።

አንድ ዛሬ ማታ የምትሠራው ነገር ልስጥህ። ሶሻል ሴኩሪቲ ዌብሳይት ላይ አካውንት ክፈትና የየዓመቱን ገቢህን እይ። ጡረታህ የሚሰላው ከዛ ነው፣ ለጡረታ 40 ክሬዲት ያስፈልግሃል፣ በዓመት ቢበዛ 4 ነው የሚሰጡህ፣ በ2020 ለአንዷ ክሬዲት 1,410 ዶላር ትርፍ ያስፈልግ ነበር፣ በ2025 1,810 ሆኗል። ይሄም የሚታየው በዛችው በመስመር 31 ነው። ታክሱን በትክክል አስገብተህ እነሱ የሳቱት ዓመት ካገኘህ የማስተካከያው ጊዜ ዓመቱ ካለቀ በኋላ 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ነው፣ ስለዚህ ከቅርቦቹ ዓመታት ጀምረህ ወደኋላ ሂድ። 2019 ላይ ስትደርስ ዜሮ ታገኛለህ፣ እሱን ለማስተካከል አትድከም፣ ሰበርባኗ ናት።